ሁለት ሞኒተር፣ ሦስት ኮንቨርተር፦ ቱሉ ዲምቱ ላይ ገዝቼ የሞከርኳቸው

ለቸኮለ ሰው ከወዲሁ ልናገር። ዲስፕሌይፖርት፣ ኤችዲኤምአይና ቪጂኤ ኮምፒውተርን ከሞኒተር የሚያገናኙ የተለያዩ ቀዳዳዎች ናቸው፤ ካልገጠሙ ኮንቨርተር መሃል ይገባል። ከዲስፕሌይፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይረውን ትንሹን ኮንቨርተር ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ግዙት። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይረው ለአሮጌ ሞኒተር ይሆናል፣ ግን አመል አለው። ከዩኤስቢ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይረው ደግሞ ሌላ መላ ሲጠፋ ብቻ የሚገዛ ነው። ሦስቱንም የገዛሁት ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየሙ ግራውንድ ላይ ካለች አንዲት ጠባብ የኮምፒውተር ሱቅ ነው። ሦስቱም እስካሁን ቤቴ እየሠሩ ነው፣ ስለዚህ የምጽፈው ካርቶኑ ላይ ያለውን ሳይሆን ያየሁትን ነው።

ዋጋ አልጽፍም። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የኤሌክትሮኒክስ ዋጋ ዛሬ ጽፋችሁት ነገ ያሳፍራችኋል። ደረጃውን ግን ልንገራችሁ። የዲስፕሌይፖርቱ ርካሽ ነው፣ የቪጂኤው ከሱ ብዙም አይርቅም፣ የዩኤስቢው ግን የሁለቱን ድምር ብዙ እጥፍ ያስከፍላል። በጣም የከፈልኩበት ዕቃ በጣም የማያስደስተኝ መሆኑ ነው የሚገርመው።

ሥራዬ ሒሳብ ነው። የትንንሽ ድርጅቶችን መዝገብ ቤቴ ሆኜ እይዛለሁ። ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም በአንድ በኩል፣ የባንክ ስቴትመንት በሌላ በኩል ካልተከፈተልኝ ማስታረቅ የሚባለው ነገር ስቃይ ነው፤ አንድ ስክሪን ላይ ወዲያ ስትሉ ቁጥሩን ትረሱታላችሁ፣ ወዲህ ስትመለሱ መስመሩ ይጠፋችኋል፣ በመሃል ስልክ ይደወላል፣ ከዚያ በቃ እንደገና ከላይ ትጀምራላችሁ። ሐምሌ ሲገባና የግብር ሰሞን ሲጀምር ደግሞ ይብሳል። ሁለተኛ ሞኒተር ለእኔ ቅንጦት አይደለም።

ዕቃዎቹን ላስተዋውቃችሁ። ዴስክቶፑ ከውጭ አገር ቢሮ ተነስቶ እዚህ ከሚገባው ዩዝድ ማሽን አንዱ ነው፣ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010። ከኋላው ሁለት ዲስፕሌይፖርትና አንድ ቪጂኤ አለው። ኤችዲኤምአይ የሚባል ነገር የለውም። አንዱ ሞኒተሬ 24 ኢንች ሰፊው ነው፣ ኤችዲኤምአይ ይቀበላል። ሌላው ያ ሰው ሁሉ የሚንቀው ሰፊ ያልሆነ 19 ኢንች ነው፣ ቪጂኤ ብቻ። እኔ ግን አልንቀውም። 1280 በ1024 ነው፣ ቁመት አለው፣ የባንክ ስቴትመንት ገጽ ከአዲሱ ሰፊ ሞኒተር ይልቅ እሱ ላይ ያምራል። በዚያ ላይ የባለቤቴ ላፕቶፕ አለ፤ አንድ ኤችዲኤምአይና አንድ ታይፕ ሲ። እሱ ማታ ማታ ለውጭ ድርጅት የደንበኞችን ጥያቄ ይመልሳል፣ እና የእኔን ሞኒተሮች ይመኛል። ቀን የእኔ ናቸው፣ ማታ ገመዱን ነቅሎ ወደሱ ያዞራል።

ወደ ሱቁ እንምጣ። ከዚህ መርካቶ ደርሶ መመለስ፣ ቃሊቲን አልፎ፣ ሳሪስን አልፎ፣ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ለአንድ ቁራጭ ፕላስቲክ ደግሞ ግማሽ ቀን አይሰጥም። ከዚህ በፊት መሃል ከተማ ከአንድ ሱቅ የገዛሁት ኮንቨርተር ቤት ስደርስ ሞቶ ነበር፤ ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተብሎ ተለጥፏል፣ እኔም ተከራክሬ አልፈታሁትም። የእኛ ሰፈር ባለሱቅ ልጅ ግን ሌላ ነው። ስገባ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ዋጋ አይደለም።

«እህቴ፣ ኮምፒውተሩ ከኋላው ምን አለው?»

በስልኬ ያነሳሁትን የማሽኑን ጀርባ ፎቶ አሳየሁት። በጣቱ አሰፋው። «ሞኒተሩስ?» አለኝ። የሱንም አሳየሁት። ከዚያ መሳቢያ ከፍቶ አንድ ጣት የሚያህል ጥቁር ነገር አወጣ፣ እዚያው ጠረጴዛው ሥር ባለው የራሱ ማሽን ላይ ሰካው፣ ምስል መምጣቱን አይቼ ነው የከፈልኩት። ኮንቨርተር ልትገዙ ስትሄዱ ከብር ቀጥሎ የሚያስፈልጋችሁ ይሄ ፎቶ ነው። የኮምፒውተሩን ጀርባና የሞኒተሩን ሆድ። ያለዚያ ባለሱቁም ይገምታል፣ እናንተም ትገምታላችሁ።

አሁን ስለ መጀመሪያው ዕቃ። ዲስፕሌይፖርት ሲያዩት ከኤችዲኤምአይ ጋር ይምታታል፣ ግን ኤችዲኤምአይ ከሥሩ ሁለቱም ጎን የጠበበ ሲሆን ዲስፕሌይፖርት አንድ ጥጉ ብቻ ነው የተቆረጠው። ብዙ ማሽን ላይ ከቀዳዳው አጠገብ D እና P የሚሉት ፊደላት ተያይዘው ሁለት የመደመር ምልክት ተጨምሮበት ታያላችሁ። ይህ ካለ ኮምፒውተሩ ራሱ በዚያው ቀዳዳ የኤችዲኤምአይ ሲግናል መላክ ይችላል። ኮንቨርተሩ የሚሠራው ቮልቴጁን ማስተካከል ብቻ ነው። ለዚህ ነው ርካሽ የሆነው፣ ለዚህም ነው የማይሞቀው። ሰካሁት፣ ሞኒተሩ በራ፣ 1920 በ1080 በሰከንድ 60 ጊዜ፣ ድራይቨር የለ፣ ጣጣ የለ። ድምፅም አብሮ ያልፋል። እስካሁን አንድ ቀን አላስቸገረኝም።

4ኬ ሞኒተር (ከ1920 በ1080 አራት እጥፍ ነጥብ ያለው) ያላችሁ ግን ዝም ብላችሁ አትግዙ። የዚህ ርካሽ ዓይነት አቅሙ 1080 አካባቢ ነው፣ ሻል ያለው 4ኬን ቢያሳይም በሰከንድ 30 ጊዜ ብቻ ነው፣ ማውስ ስታንቀሳቅሱ መንቀርፈፉ ይታወቃችኋል። 4ኬ በ60 ከፈለጋችሁ አክቲቭ የሚባለውን፣ ውስጡ የሚቀይር ቺፕ ያለውን፣ ኤችዲኤምአይ 2.0 የሚችለውን ጠይቁ፣ ኮምፒውተሩም ቢያንስ ዲስፕሌይፖርት 1.2 መሆን አለበት። ሌላው፣ አንዳንድ የዲስፕሌይፖርት ገመድና ኮንቨርተር ጫፉ ላይ የሚጫን ጉጥ አለው። ሲነቀል እሱን ተጭናችሁ ነው። ሳይጫኑ የሚጎትቱ ሰዎች ቀዳዳውን ከነማዘርቦርዱ ይነቅሉታል።

እኔ ሱቁ ውስጥ እያለሁ አንድ ሰው ተናዶ ገባ። ያው የእኔን የመሰለ ኮንቨርተር ይዟል። ይሰካል፣ ግን አያሳይም ይላል። ልጁ በትዕግሥት ጠየቀው፣ ለካ የሰውየው ላፕቶፕ ኤችዲኤምአይ ነው፣ ሞኒተሩ ደግሞ ዲስፕሌይፖርት ብቻ። ይህ ኮንቨርተር አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሄደው፣ ከኮምፒውተሩ ዲስፕሌይፖርት ወደ ሞኒተሩ ኤችዲኤምአይ። ተገልብጦ አይሠራም። ከኤችዲኤምአይ ወደ ዲስፕሌይፖርት የሚሄደው ሌላ ዕቃ ነው፣ ውስጡ ቺፕ አለው፣ ብዙ ጊዜ ከዩኤስቢ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፣ ዋጋውም ሌላ ነው። ሰውየው የገዛው ከሌላ ቦታ ስለነበር ልጁ ሊመልስለት አልቻለም፣ ግን በወረቀት ጽፎ ሰጠው፦ «ከ» ብሎ የኮምፒውተሩን፣ «ወደ» ብሎ የሞኒተሩን። ስትገዙ እናንተም እንደዚሁ ተናገሩ።

ሁለተኛው፣ የቪጂኤው። ቪጂኤ አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው ነው፤ ኤችዲኤምአይ የመጣው በ2002። ቪጂኤ ምስሉን በሚወጣና በሚወርድ ቮልቴጅ ነው የሚልከው፣ ኤችዲኤምአይ ደግሞ በዜሮና በአንድ። ስለዚህ ገመዱን ገጣጥሞ ብቻ ማለፍ አይቻልም፣ መሃል ላይ የሚተረጉም ቺፕ ያስፈልጋል። ቺፑ ደግሞ ኤሌክትሪክ ይበላል። የሚበላው ከዚያው ከኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ነው፣ እዚያ ላይ 5 ቮልት አለ፣ ግን ደንቡ ኮምፒውተሩን የሚያስገድደው 55 ሚሊአምፔር እንዲሰጥ ብቻ ነው። ትንሽ ነው። አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ አይበቃውም፣ ምስሉ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። የእኔው ጎኑ ላይ የማይክሮ ዩኤስቢ ቀዳዳ አለው። የድሮ የስልክ ቻርጀር ገመድ እዚያ ላይ ሰክቼ ከላፕቶፑ ዩኤስቢ ጋር አገናኘሁት፣ ብልጭታው ቆመ። ይህ ቀዳዳ የሌለውን አትግዙ። የድምፅ ቀዳዳም አለው፣ ቪጂኤ ድምፅ ስለማያሳልፍ ነው፣ እኛ ግን አልተጠቀምንበትም።

አመሉ ምንድን ነው? አንደኛ ይሞቃል። የሚያቃጥል አይደለም ግን ስትነኩት ይሰማችኋል፣ ጨርቅ ነገር ሥር አትቅበሩት። ሁለተኛው ከመብራት ጋር የተያያዘ ነው። እዚህ መብራት እልም ብሎ ሳይሄድ ቶሎ ብልጭ ብሎ የሚመለስበት ጊዜ አለ፤ ላፕቶፑ ባትሪ ስላለው ምንም አይመስለውም፣ ሞኒተሩ ግን ጠፍቶ ይነሳል። ያኔ ኮንቨርተሩ ይደናገራል። ሞኒተር ሲሰካ እኔ እንዲህ ነኝ፣ ሪዞሉሽኔ ይሄ ነው ብሎ በገመዱ ለኮምፒውተሩ ይናገራል። ይህ መልእክት ካልደረሰ ዊንዶውስ በግምት 1024 በ768 ያደርገዋል፣ ጽሑፉ ሁሉ ወፍሮ ተለጥጦ ይመጣል። መላው ቀላል ነው። ሞኒተሩ በርቶ እያለ ኮንቨርተሩን ነቅሎ መልሶ መሰካት። ባለቤቴ አሁን ሳያይ ያደርገዋል። ችግሩ ሁልጊዜ ከሆነ ገመዱን ጠርጥሩ፤ ርካሽ የቪጂኤ ገመድ ውስጥ አንዳንዱ ሽቦ ጭራሽ የለም።

ጽሑፉ ትንሽ ከደበዘዘባችሁ ወይም ምስሉ ወደ ጎን ከሸሸ ደግሞ ሞኒተሩ ላይ «አውቶ» የሚል ቁልፍ አለ፣ እሱን ተጫኑት። ሰው ዓመት ሙሉ ደብዝዞበት ይሠራል እንጂ ይህችን ቁልፍ አይነካትም። ሞገድ የመሰለ ጥላ ካያችሁም የቪጂኤ ጠባይ ነው፣ ረጅም ገመድ ያባብሰዋል። አጭር ገመድ፣ ሁለቱን ብሎን በደንብ ማጥበቅ።

ሦስተኛው ላይ ሆድ ይብሳል። ባለቤቴ ሁለት ሞኒተር ሲፈልግ ያለው ኤችዲኤምአይ አንድ ነው፣ እሱም በቪጂኤው ተይዟል። ታይፕ ሲውስ? እኛም እንደዚያ ነው ያልነው። ልጁ ግን ከታይፕ ሲ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይረውን ሊሸጥልን አልፈለገም። ላፕቶፑን ይዛችሁ ኑ አለ። ይዘን ሄድን። የራሱን ሰካበት፣ ምንም። ታይፕ ሲ ቀዳዳ ሁሉ ምስል አያወጣም፤ አንዳንዱ ዳታና ቻርጅ ብቻ ነው። አጠገቡ የዲስፕሌይፖርት ምልክት ወይም የመብረቅ ምልክት ካለ ተስፋ አለ። የእኛው ላይ የዩኤስቢ ምልክት ብቻ ነበር። እያወቀ መሸጥ ይችል ነበር፣ አልሸጠም። ይሄ ነው ደንበኛ ያደረገኝ።

ስለዚህ የዩኤስቢውን ገዛን። የሚሠራበት መንገድ ከሌሎቹ ይለያል። የ1920 በ1080 ምስል በሰከንድ 60 ጊዜ ሳይታመቅ ሲላክ በሰከንድ ወደ 3 ጊጋቢት ይጠጋል። ዩኤስቢ 2.0 ጣሪያው 480 ሜጋቢት ነው። ዩኤስቢ 3.0 በወረቀት 5 ጊጋቢት አለው፣ በተግባር ግን ከዚያ ያነሰ ነው። ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ትልቅ ሶፋ እንደማውጣት ነው፣ ፈታታችሁት ካልሆነ አያልፍም። የሚፈታው፣ ማለትም ምስሉን የሚያምቀው፣ ደግሞ የላፕቶፑ ፕሮሰሰር ነው። እና ድራይቨር ይፈልጋል። የእኛው ስንሰካው እንደ ፍላሽ ተከፈተ፣ ድራይቨሩ ውስጡ ተቀምጦ ነበር፣ ጫንነው፣ ላፕቶፑን አጥፍተን አበራነው፣ ሠራ።

ሠራ ስል ምን ማለቴ ነው፤ ኤክሴል፣ ኢሜይል፣ ቻት፣ የደንበኛ ፎርም፣ እነዚህ ችግር የለባቸውም። ባለቤቴ የሚሠራው እነሱን ስለሆነ አይማረርም። ዩቲዩብ ስትከፍቱበት ግን ይቆራርጣል። መስኮት ይዛችሁ ስትጎትቱ ከማውሱ ኋላ ይቀራል። የላፕቶፑ ፋን ድምፅ ይጨምራል። ጌም አታስቡት። ላፕቶፑ ሲነሳ ደግሞ ዊንዶውስ እስኪገባ ድረስ ጥቁር ነው፣ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ሴቲንግ) ላይ ልግባ ብትሉ እሱ ላይ አይታያችሁም። ሰማያዊው የዩኤስቢ 3.0 ቀዳዳ ላይ ካልሰካችሁት ደግሞ ይኸው ሁሉ ይብሳል። ልጁ ዲስፕሌይሊንክ ቺፕ ያለው ሌላ ዓይነት እንዳለ፣ ከዚህ እንደሚሻልና በጣም እንደሚወደድ ነግሮን ነበር። ስም አልባውን የመረጥነው እያወቅን ነው፣ ለፎርም መሙያ ይበቃል።

ስለ ስፕሊተር ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። አንድ ኤችዲኤምአይ ገብቶ ሁለት የሚወጣበት ሳጥን አለ፣ ርካሽም ነው፣ እሱን ለምን አልገዛሽም ይሉኛል። እሱ አንዱኑ ምስል ሁለት ቦታ ነው የሚያሳየው። ዲኤስቲቪ ቤት ሁለት ቴሌቪዥን ላይ አንድ ጨዋታ ለማሳየት ግሩም ነው። ፒችትሪን ግራ፣ ስቴትመንቱን ቀኝ ለማድረግ ግን አይረባም። በአንድ ቀዳዳ ሁለት የተለያየ ምስል መላክ የሚችለው ዲስፕሌይፖርት ነው፣ ከ1.2 ጀምሮ፣ ለዚህ የተሠራ ሃብ (ማከፋፈያ) ካለ። ኤችዲኤምአይ አይችልም።

የማክ ተጠቃሚዎች ቆም በሉ። ጎረቤቴ ልጅ ማክቡክ ኤር አለው፣ ኤም 1 የሚባለው። ያ ማሽን ከውጭ የሚቀበለው አንድ ሞኒተር ብቻ ነው። ስንት ሃብ ቢሰካ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ይደግማል እንጂ አይጨመርም። ለሱ ቅድም ያልኩት ባለ ዲስፕሌይሊንክ ዕቃ ነው ማለፊያው፣ እዚህ ላይ ዋጋው ይገባዋል።

ዴስክቶፕ ላይ ግራፊክስ ካርድ ያስገባችሁ ሰዎች ሁለቱንም ሞኒተር ካርዱ ላይ ስኩ። ካርድ ሲገባ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ይዘጋል፣ ባዮስ ውስጥ ገብቶ ካልተከፈተ በቀር። ካርድ የሌለን ደግሞ፣ ኢንቴል ከሦስተኛው ትውልድ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ፣ በራሱ ግራፊክስ እስከ ሦስት ሞኒተር ይሸከማል፤ ከዚያ በፊት የነበረው ሁለት ላይ ያቆማል። ለሁለት ሞኒተር ብላችሁ ካርድ መግዛት አያስፈልጋችሁም።

ሁሉም ከተሰካ በኋላ የዊንዶውስ ቁልፉንና የP ፊደል ቁልፍን አብራችሁ ተጫኑ። አራት ምርጫ ይመጣል፣ «ኤክስቴንድ» የሚለውን ምረጡ። ከዚያ ሴቲንግ ውስጥ ዲስፕሌይ ላይ አንድና ሁለት የተጻፈባቸው ሳጥኖች አሉ፣ ጠረጴዛችሁ ላይ እንዳሉት አድርጋችሁ ጎትቷቸው፤ አለዚያ ማውሱ በቀኝ ሄዶ በግራ ይወጣል። ቁመታቸውንም እዚያው አስተካክሉ። ድምፅ ድንገት ከጠፋባችሁ አትደንግጡ፣ ኤችዲኤምአይ ሲሰካ ዊንዶውስ ድምፁን ወደ ሞኒተሩ ይልከዋል፣ ሞኒተሩ ደግሞ ስፒከር የለውም። ታች ጥጉ ላይ ያለውን የስፒከር ምልክት ነክታችሁ ወደ ኮምፒውተሩ መልሱት። ሁለቱ ሞኒተሮች ቀለማቸው አንድ አይሆንም፣ የእኔ አሮጌው ወደ ቢጫ ያደላል። ለሒሳብ ምን አገባኝ።

ሱቁን በተመለከተ ቅሬታም አለኝ። ዕቃው ውስን ነው፣ የዲስፕሌይፖርቱ ካለቀ ሳምንት ትጠብቃላችሁ። አጭር የኤችዲኤምአይ ገመድ አያመጣም፣ ሁሉም ረዥም ነው፣ ጠረጴዛዬ ሥር ተጠቅልሎ አቧራ ይለቅማል። ዋጋ ላይ ትንሽ ይንቀሳቀሳል እንጂ ብዙ አይወርድም። ደረሰኝም ሳትጠይቁት አይቆርጥም። ጠይቁት፣ ይቆርጣል።